የመጀመሪያ ትራክ ዴይ፦ ከፈረስ ጉልበት በፊት ፍሬን

ትራክ ዴይ ልሄድ ነው ምን ላዘጋጅ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሌ መጀመሪያ የሚያነሳው ስለ ሞተር ነው። ኤግዞስት ልቀይር ወይ፣ ሶፍትዌሩን ላስነካው ወይ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል ምናምን። እኔ ደሞ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የፍሬን ዘይትህ መቼ ነው የተቀየረው? ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አንዳንዱ እንደውም የፍሬን ዘይት የሚቀየር ነገር መሆኑን ራሱ አልሰማም። ባጭሩ የምለው ይሄ ነው፦ ለመጀመሪያ ቀን የምታወጡት ገንዘብ ፍሬን ላይና አጠገባችሁ የሚቀመጥ አሰልጣኝ ላይ ይዋል፣ ሞተሩን ፋብሪካው እንደሰራው ተዉት። ለምን እንደሆነ ረዘም አርጌ ልፃፈው።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም። በራሳችሁ መኪና፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና በሌለበት፣ እግረኛ በሌለበት፣ የፍጥነት ገደብ በሌለበት ዝግ ትራክ ላይ ትነዳላችሁ፣ በቃ። ደረጃ የለም፣ ዋንጫ የለም፣ ብዙ አዘጋጆች እንደውም ሰዓት መያዝን ይከለክላሉ ምክንያቱም ሰዓት ከተያዘ ነገሩ ውድድር ይሆንና የኢንሹራንሱም የኃላፊነቱም ጉዳይ ይቀየራል። ለመኪና ተብሎ የተሰራው የመጀመሪያው የእሽቅድምድም ትራክ፣ እንግሊዝ ውስጥ ያለው ብሩክላንድስ፣ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሀገሪቱ መንገድ ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወይም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ መኪናው የሚችለውን መንገዱ አይፈቅድለትም ነበር። ዛሬም ያው ነው፣ መኪናችሁ የሚችለውን በህጋዊና ከመንገድ በተሻለ ደህንነት የምታዩበት ቦታ ትራክ ነው፣ እኔ ይሄን ነገር የምወደውም ለዛ ነው።

የት ልጀምር ለሚል ደሞ፣ አጭርና ከአስፋልቱ ውጪ ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው ትራክ ፈልጉ። ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጀርመን ያለው የኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ ትራክ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ70 በላይ ኩርባ አለው፣ ብረት መከላከያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ አንዱን ኩርባ ደግማችሁ ለማግኘት ሀያ ኪሎ ሜትር መዞር አለባችሁ፣ በዛ ላይ ለህዝብ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት በጀርመን ህግ እንደ ማንኛውም የክፍያ መንገድ ነው የሚታየው፣ የትራፊክ ህግ ይሰራል። ህልም ይሁን፣ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክርም። 3 ኪሎ ሜትር ምናምን የሆነ ትራክ ላይ ግን ያንኑ ኩርባ በየሁለት ደቂቃው ታገኙታላችሁ፣ ባለፈው ዙር ምን እንዳደረጋችሁ ሳትረሱ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ መማር ማለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬን። መኪና ሲሮጥ የሚይዘው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 180 እየሄደ ወደ 72 ቢወርድ ወደ 1.6 ሚሊዮን ጁል ጉልበት መጥፋት አለበት። ያ ማለት ከ4 ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፣ እሱ ደሞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ አብዛኛው አራቱ የፍሬን ዲስኮች ላይ፣ ለአንድ ኩርባ ብቻ። ከዛ ቀጣዩ ኩርባ፣ ከዛ ቀጣዩ ዙር። መንገድ ላይ ከ100 ወደ 50 ትቀንሱና ፍሬኑ ደቂቃዎች ያርፋል፣ ትራክ ላይ ማረፊያ የለውም። ለዚህ ነው መንገድ ላይ ምንም ችግር የሌለበት መኪና ትራክ ላይ በሶስተኛው በአራተኛው ዙር ፍሬኑ የሚከዳው።

አከዳዱ ሁለት አይነት ነው፣ ልዩነቱን እግራችሁ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። አንደኛው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፣ ስለዚህ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል፣ ይረዝማል፣ ሲብስ ወለል ይነካል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ደሞ የሚፈላበትን ሙቀት ያወርደዋል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቋቋም አለበት፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ነው። ዶት 3 ደሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። ለትራክ ተብለው የሚሸጡት አዲስ ሲሆኑ 300 ያልፋሉ። ስለዚህ ሁለት አመት የቆየ ጥሩ ዘይት ከአዲስ ተራ ዘይት ሊያንስ ይችላል፣ ቁም ነገሩ አዲስ መሆኑ ነው። ከቀኑ በፊት ባለው ሳምንት አስቀይሩት፣ በአራቱም ጎማ በኩል የፍሬን ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በደንብ ይውጣ፣ ብልቃጡም አዲስ የተከፈተ ይሁን። ዶት 5 የሚለውን ግን እንዳትደባልቁ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም፣ ከ5.1 ጋር ቁጥሩ ስለሚቀራረብ ሰው ይሳሳታል።

ሁለተኛው የፍሬን ሸራው ከአቅሙ በላይ ሲግል ነው። ያኔ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው፣ ትረግጣላችሁ ግን መኪናው አይቆምም። ፔዳል ለስላሳ ከሆነ ዘይቱ፣ ፔዳል ጠንካራ ሆኖ የማይዝ ከሆነ ሸራው፣ እንደዛ ያዙት። በሁለቱም ቢሆን ምልክቱ ከመጣ ያንን ዙር ቀስ ብላችሁ ጨርሱና ውጡ፣ አንድ ዙር ልጨምር አይባልም። ኩርባ ጋ ደርሳችሁ ፔዳሉ ከወረደ ደሞ ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ግፊቱ ሊመለስ ይችላል፣ ማርሽም አውርዱ።

ሸራው ቢያንስ ግማሽ ውፍረት ይኑረው። ቀጭን ሸራ ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ በዲስኩና በዘይቱ መሀል ያለው መከላከያ እሱ ስለሆነ ሲሳሳ ሙቀቱ ቀጥታ ወደ ዘይቱ ያልፋል። አዲስ ካስገባችሁ ደሞ ትራክ ላይ ሄጄ አሟሸዋለሁ እንዳትሉ፣ አምራቹ በሚለው መንገድ ቀድማችሁ አሟሹት። ትልቅ ዲስክ ግዙ ትልቅ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ግዙ የሚል ሰው ይመጣል፣ ለመጀመሪያ ቀን አያስፈልግም፣ ደህና የፋብሪካ ፍሬን አዲስ ዘይትና ጥሩ ሸራ ካገኘ አዲስ ሰው ከሚጠይቀው በላይ ይሰራል። ከምንም በላይ ግን ትራክ በገባችሁ ቁጥር የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳትነኩ ዝግ ብላችሁ ንዱት፣ አየር ያቀዝቅዘው። ስታቆሙ ደሞ የእጅ ፍሬን አትሳቡ! የጋለ ሸራ የጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ዲስኩ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ከዛ በኋላ በረገጣችሁ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጣል። በማርሽ አቁሙትና ጎማው ስር ማገጃ አድርጉ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ማገጃውን አስቀድማችሁ። እግራችሁንም ፍሬን ላይ አድርጋችሁ አትቀመጡ፣ ምክንያቱ ያው ነው።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ያባክናል። ደህና የመንገድ ጎማ ለመጀመሪያ ቀን ከውድድር ጎማ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የመንገድ ጎማ ይናገራል፣ ከመልቀቁ በፊት ይጮሃል፣ ሲለቅም ቀስ ብሎ ነው፣ አስተማሪ ነው ማለት ነው። ለስላሳው የውድድር ጎማ ብዙ ይይዝና ሲለቅ በከፍተኛ ፍጥነትና ባጭር ማስጠንቀቂያ ይለቃል። ግን ጎኑን እዩት፣ እብጠት፣ ስንጥቅ፣ መቆረጥ ካለ አይሄድም። እድሜውን ጎማው ጎን ላይ የተፃፉት አራት ቁጥሮች ይነግሯችኋል፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ንፋሱን ደሞ በራሳችሁ መለኪያ ለኩ፣ አንድ ጥሩ መለኪያ ብቻ ያዙና ቀኑን ሙሉ በሱ ለኩ። ጎማ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፣ በ20 ዲግሪ 30 ፒ ኤስ አይ የነበረ ጎማ ውስጡ ያለው አየር 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 36 ይጠጋል። ለዚህ ነው ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ አምራቹ ያለውን ያህል ሞልታችሁ ገብታችሁ ስትወጡ በጣም የጠጠረ ጎማ የምታገኙት፣ የጠጠረ ጎማ ደሞ መሀሉ ብቻ ነው አስፋልቱን የሚይዘው። እንደወጣችሁ ትኩስ እያለ ለኩ፣ ትንሽ ትንሽ አስተንፍሱ፣ አራቱንም ፃፉ። በአንዴ ብዙ ማስተንፈስም ልክ አይደለም፣ የላላ ጎማ ኩርባ ላይ ይጣመማል፣ ጎኑም ይበላል።

የጎማ ዳዶ። ይሄን ለብቻው የፃፍኩት እንዲታይ ነው። በቶርክ መፍቻ (ምን ያህል እንደጠበቀ በቁጥር በሚለካው)፣ የመኪናው መመሪያ በሚለው ቁጥር፣ ጠዋት አንዴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንዴ። በጉልበት ጠበቅ ማድረግ ልክ አይደለም፣ ከመጠን ያለፈ ጥብቀት ብሎኑን ይስባል፣ ከዛ ሙቀት ሲመጣ ሊቆረጥ ይችላል።

የሞተር ዘይቱ ከፍተኛው ምልክት ጋ ይድረስ፣ አይለፍ። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል፣ ጎዶሎ ከሆነ ደሞ ያ ቶሎ ይመጣል። ነዳጅም እንደዛው፣ ከግማሽ በታች ሲሆን ኩርባ ላይ የሚቆራረጥባቸው መኪኖች አሉ፣ ፍጆታውም ከመንገዱ ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ ሰልባትዮው ሞልቶ ሂዱ፣ ማደያው የት እንደሆነም እወቁ። ማንኛውም ማፍሰስ ካለ፣ ጠብታም ብትሆን፣ አትግቡ። እሱ የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ከኋላችሁ የሚመጣውን ሰው ነው የሚገለብጠው፣ እስኪፀዳም ሁሉም ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ከመኪናው ውስጥ ሁሉንም ነገር አውጡ፣ ወለል ምንጣፉን፣ የውሃ ጠርሙሱን፣ ስልኩን፣ ክሩስኮቱ ላይ የተለጠፈውን፣ ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ያለውን ክሪክና ስኮርታ ጎማ ጭምር። ከወንበር ስር ተንከባሎ ፍሬን ፔዳል ስር የገባ ጠርሙስ ከምን ጋር እንደሚያገናኛችሁ አስቡት። ባትሪው እንዳይነቃነቅ አስረግጡት፣ የመጎተቻውን ቀለበት ከፊት አስገቡ፣ ጠጠር ውስጥ ገብታችሁ ከቆማችሁ የሚያወጧችሁ በሱ ነው፣ ከሌለ ባገኙት ነገር ነው የሚጎትቷችሁ።

ሄልሜት ላይ የአዘጋጁን ህግ ቀድማችሁ አንብቡ፣ ጠዋት በር ላይ አይሆንም ከምትባሉ። ስኔል የሚባለው ሄልሜት የሚፈትሽ ድርጅት ለመኪና ኤስ ኤ፣ ለሞተር ሳይክል ኤም የሚል ምልክት ይሰጣል። ኤስ ኤው እሳት መቋቋሙ ይፈተሻል፣ መኪና ውስጥ ያለ ብረት ላይ ተደጋግሞ መመታትም እንዲችል ይፈተሻል፣ ኤሙ ለነዚህ አልተሰራም። አንዳንድ አዘጋጆች ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ ኤስ ኤ ካልሆነ አያስገቡም፣ ብዙ ቦታ ደሞ ይከራያል። ልብስ እጅጌው ረጅም የሆነ ጥጥ ይሁን፣ ናይሎን ነገር እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጫማ ሶሉ ቀጭን የሆነ፣ ፔዳሉን እግራችሁ እንዲሰማው። ሄልሜቱን አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ሳይሆን መኪናችሁ ውስጥ ተቀመጡና ጣራው እንዳይነካችሁ እዩ፣ ከነካ ወንበሩን አውርዱ። ጀርባችሁ ወንበሩ ላይ ተደግፎ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ መድረስ አለበት፣ ፍሬኑን እስከመጨረሻ ስትረግጡም ጉልበታችሁ መታጠፍ አለበት። አብዛኛው ሰው በጣም ወደ ኋላ ተንጋሎ ነው የሚቀመጠው፣ እንደዛ ሆኖ በሙሉ ጉልበት ፍሬን መርገጥ አይቻልም።

ኢንሹራንስ፦ ተራው የመኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፣ ውላችሁን አንብቡ። ለቀኑ ብቻ የሚገዛ ኢንሹራንስ ያለበት ቦታ ካለ ጠይቁ፣ መከላከያ ብረት ብታበላሹ ማን እንደሚከፍልም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። መኪናው ቢጎዳ ኑሮዬ ይናጋል የምትሉ ከሆነ በዛ መኪና አትግቡ፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው፣ ስለ መኪናው የሚጨነቅ ሰው መማር አይችልም።

ጠዋት ገለፃ አለ፣ ከሱ የቀረ ሰው አይነዳም፣ አዘጋጆቹም ልክ ናቸው። ትራኩ ዳር ምልክት የሚሰጥባቸውን ባንዲራዎች ከመሄዳችሁ በፊት አጥኗቸውና እዛ የሚሉትን ደግማችሁ ስሙ ምክንያቱም ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቢጫ አደጋ ነው፣ ቀንሱ፣ መቅደም የለም። ቀይ ሁሉም ቆሟል፣ ቀስ ብላችሁ መቅደም ሳይኖር ከትራኩ ውጡ፣ አንዳንድ ቦታ ግን ዳር ይዛችሁ ቁሙ ይላሉ፣ ይሄንን በተለይ ጠይቁ። ቀይ ሆነ ብሎ በድንጋጤ መሀል መንገድ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከኋላው ያለውን ያስመታል፣ መጀመሪያ ስፖኪዮ። ሰማያዊ ከኋላችሁ ፈጣን መኪና አለ ነው። ቢጫና ቀይ መስመር ያለበት አስፋልቱ ያንሸራትታል ነው። ጥቁር ወደ እናንተ ከተጠቆመ ከትራኩ ውጡ ልናናግራችሁ ነው፣ ጥቁር ሆኖ መሀሉ ብርቱካናማ ክብ ካለው መኪናችሁ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ የሚፈስ ወይ የተንጠለጠለ። ባንዲራ የሚይዙት ሰዎች የት የት እንደሚቆሙ በመጀመሪያዎቹ ዝግ ያሉ ዙሮች ላይ አንድ በአንድ እዩ፣ ከኩርባው እኩል እወቋቸው። እነሱ እናንተ የማታዩትን ነው የሚያዩላችሁ፣ አብዛኞቹም ቀኑን ሙሉ ፀሀይና ዝናብ ላይ ቆመው ነው የሚጠብቋችሁ፣ በመጨረሻው ዙር እጅ አንስታችሁ አመስግኗቸው።

መቅደም ደሞ የሚፈቀደው በአብዛኛው ቀጥታው ላይ ብቻ ነው፣ ያውም የሚቀደመው ሰው በእጁ ወይ በፍሬቻ እለፍ ካለ በኋላ። የምትቀደሙት እናንተ ከሆናችሁ መስመራችሁን ጠብቁ፣ ፍቃዱን ስጡና እግራችሁን ከነዳጁ ትንሽ አንሱለት፣ በድንገት ወደ ጎን አትውጡ። መቀደም ምንም አይደለም፣ እዛ ያለ ሰው ሁሉ ተቀድሞ ነው የተማረው።

አሰልጣኝ። ካለ ያዙ፣ ከፍሉ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ላይ ያዙ እንጂ ከሰዓት መጥፎ ልማድ ከያዛችሁ በኋላ አይሁን። የሚነግራችሁ ነገር አብዛኛው ስለ አይን ነው፣ ሩቅ እይ፣ ሩቅ እይ፣ አሁንም ሩቅ እይ። እጅ አይንን ይከተላል፣ ከኮፈኑ ፊት ያለውን አስፋልት ካያችሁ መሪውን ትቆራርጡታላችሁ፣ የኩርባውን መውጫ ካያችሁ አንዴ ታዞሩትና ይበቃል። ፍሬን ቀጥታ ላይ እያላችሁ ጨርሱ፣ በጉልበት ርገጡና መሪውን ስታዞሩ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ ነዳጅ የምትረግጡት የኩርባው መውጫ ሲታያችሁ ነው። ጎማ ያለው አቅም አንድ ነው፣ ለማቆም ከተጠቀማችሁበት ለማዞር አይተርፍም። ኩርባ መሀል ፈጠንኩ ብላችሁ እግራችሁን ከነዳጁ በድንገት ማንሳት ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ኋላው ይቀላል፣ ይዞራል፣ ብዙ አዲስ ሰው የሚሽከረከረው እንደዛ ነው። ከዞረ አይቀር ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ እስከመጨረሻ ርገጡና እስኪቆም ያዙ። ሁለት ጎማ ሳር ላይ ከወጣባችሁ ደሞ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ቆዩ፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ፣ በችኮላ መጎተት ነው በትራኩ ተሻግራችሁ ወደ ሌላኛው መከላከያ የሚወስዳችሁ። መኪናው ያለውን የመረጋጊያ ሲስተም አታጥፉት፣ ስንት ጊዜ ጣልቃ እንደገባ መቁጠሩ ራሱ ትምህርት ነው፣ በተረጋጋችሁ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል።

በመሀል ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ፣ ምሳ አታብዙ። ሀያ ደቂቃ ሙሉ ትኩረት ከምታስቡት በላይ ያደክማል፣ ሰውነታችሁ የደከመው ሳይታወቃችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ትራኩን አወቅኩት የሚል ስሜት ይመጣል፣ ጎማው ደሞ ደክሟል፣ ፍሬኑም፣ እናንተም። ለመጨረሻ ጊዜ ልግባ ወይ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ተዉት፣ ከፍዬበታለሁ የሚለው ሀሳብ ትራክ ላይ ሊያስገባችሁ አይገባም።

ከመውጣታችሁ በፊት ጎማው ሲቀዘቅዝ ያስተነፈሳችሁትን መልሳችሁ ሙሉት፣ ይሄ በጣም ይረሳል፣ በላላ ጎማ አውራ ጎዳና መውጣት አደገኛ ነው። ዳዶውን፣ የሸራውን ውፍረት፣ የሞተር ዘይቱን እዩ፣ ስኮርታውንና ክሪኩን መልሱ። ከዛ መንገድ ስትገቡ 100 እንደ 50 ነው የሚሰማችሁ፣ አይናችሁ ፍጥነት ለምዷል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ስሜታችሁን ሳይሆን የፍጥነት መቁጠሪያውን እያያችሁ ንዱ።